አይተነዋል፤ የካናዳ መሆኑን ግን አላወቅንም

እስቲ አንድ የካናዳ ፊልም ጥሩልኝ። አሁኑኑ፣ ስልክ ሳትነኩ።

ይህን ጥያቄ ፊልም ለሚወዱ ጓደኞቼ ደጋግሜ አቅርቤዋለሁ። መጀመሪያ ዝምታ ነው። ከዝምታው በኋላ አንዱ "አቤል ተስፋዬ የቶሮንቶ ልጅ አይደል እንዴ?" ይላል። ነው፤ ግን የጠየቅኩት ስለ ፊልም ነው። ሌላው ጄምስ ካሜሮን ይላል። ሰውየው ኦንታሪዮ ውስጥ መወለዱ እውነት ነው፤ ስሙን ያስጠሩት ፊልሞች ግን የሆሊውድ ናቸው። ሦስተኛው ዴኒ ቪልኔቭን ያነሳል። እሱንም የሚያውቀው በ"ዱን" ነው። ከዚያ ወሬው ወደ ሌላ ይዞራል።

ቤቱ ውስጥ ትንሽ ልጅ ካለ ግን መልሱ ሶፋው ላይ ተቀምጧል። "ፓው ፓትሮል"፣ ያ የውሾቹ ካርቱን፣ ስፒን ማስተር የተባለው የቶሮንቶ የአሻንጉሊት ኩባንያ ንብረት ነው። በ2021 የወጣው የመጀመሪያው የሲኒማ ፊልም በዓለም ዙሪያ ከ140 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገብቷል። በ2023 የወጣው ሁለተኛው ደግሞ 200 ሚሊዮን ገደማ ደርሷል። በካናዳ ፊልም ሚዛን ይህ ተአምር ነው። ፖስተሩ ላይ ጎልቶ የሚታየው ስም ግን የፓራማውንት ነው። ልጆቹም ወላጆቹም አሜሪካዊ ፊልም አይተው ወደ ቤታቸው ገቡ።

ስለዚህ "የካናዳ ፊልም ውጭ አገር አይታይም" የሚለውን አባባል እንዳለ መቀበል ይከብዳል። ይታያል። የሚታየው ግን አብዛኛውን ጊዜ ካናዳዊነቱን ድንበር ላይ ጥሎ ነው። "የካናዳ ነኝ" ብሎ የሚሄደው ፌስቲቫል ይዞራል፣ ሽልማት ይሰበስባል፣ ሲኒማ ቤት ሲደርስ በሩ ይጠበዋል። ምክንያቱን የሚፈልግ ሰው ብዙ ጊዜ ወደ ውጭ ነው የሚያየው፤ ወደ ፓሪሱ ገዢ፣ ወደ ሎስ አንጀለሱ አከፋፋይ። እኔ ግን ችግሩ የሚጀምረው እዚያው ቶሮንቶ ውስጥ ይመስለኛል። ፊልሙ ገና ከቤት ሲወጣ ስንቅ የለውም።

"አገር ውስጥ" ማለት የማን አገር?

የሆሊውድ ስቱዲዮዎች የሳምንቱን መጨረሻ ገቢ ሲያሳውቁ ሁለት ዓምድ አላቸው፤ "አገር ውስጥ" እና "ውጭ አገር"። "አገር ውስጥ" በሚለው ዓምድ ካናዳም ተደምራለች። ቫንኩቨር የተቆረጠ ትኬትና ዳላስ የተቆረጠ ትኬት አንድ ቋት ነው የሚገቡት። ሜክሲኮ ውጭ አገር ናት። ካናዳ ግን 40 ሚሊዮን ገደማ ሕዝብ፣ የራሷ ፓርላማና የራሷ ገንዘብ እያላት፣ ለፊልም ነጋዴው አንድ ተጨማሪ የአሜሪካ ግዛት ናት።

ነገሩ የሂሳብ አያያዝ ብቻ ቢሆን ማንም ግድ አይሰጠውም ነበር። መዘዙ ያለው ግዢው ላይ ነው። የአሜሪካ አከፋፋይ የአንድን ፊልም መብት ሲገዛ "ሰሜን አሜሪካ" ብሎ ካናዳንም አብሮ ይጠቀልላል። የካናዳው አከፋፋይ ትልልቅ የውጭ ፊልሞችን አሳይቶ ቢያተርፍ፣ በዚያ ትርፍ የአገሩን ትናንሽ ፊልሞች መሸከም ይችል ነበር። ትርፉ ያለበት ፊልም ግን ገና ድሮ ደቡብ ተሸጧል።

ይህ ደግሞ ትናንት የመጣ ነገር አይደለም። ፌመስ ፕሌየርስ የተባለው የካናዳ ትልቁ የሲኒማ ቤቶች ሰንሰለት በ1920 ሲቋቋም ጀምሮ ከፓራማውንት ጋር የተሳሰረ ነበር። በ1930 ፓራማውንት ጠቅልሎ ያዘው። መንግሥት "ይህማ ሞኖፖል ነው" ብሎ ምርመራ ከፈተ። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደረሰ። በ1932 ተከሳሾቹ በነፃ ተሰናበቱ።

ከጦርነቱ በኋላ የሆነው ደግሞ ያስቃል። የካናዳ መንግሥት የውጭ ምንዛሪ አጥሮት ስለነበር፣ ሆሊውድ ከካናዳ የሚያወጣውን ገንዘብ ሊገድብ አሰበ። ሆሊውድ በ1948 አንድ ሐሳብ ይዞ መጣ፤ እናንተ ገደብ አትጣሉብን፣ እኛ በፊልሞቻችን ውስጥ የካናዳን ስም እናነሳለን፣ ቱሪስት ይመጣላችኋል። ካናዳም ተስማማች። አሥር ዓመት ያህል በአሜሪካ ፊልሞች ውስጥ ገጸ ባሕርያቱ በሆነ ባልሆነው ካናዳን ይጠቅሱ ነበር። ሲኒማ ቤቱን ሰጥቶ ስም መጠራትን መቀበል ማለት ይህ ነው።

ሌላ ሙከራም ነበር። በ1987 የኮሙኒኬሽን ሚኒስትሯ ፍሎራ ማክዶናልድ፣ የካናዳ የፊልም ስርጭት መብት ከአሜሪካው ተለይቶ ለብቻው እንዲሸጥ የሚያስገድድ ሕግ አሰቡ። የሆሊውድ ስቱዲዮዎች ማኅበር ፕሬዚዳንት ጃክ ቫለንቲ ዋሽንግተንን ይዘው ተነሱ። ጊዜው ሁለቱ አገሮች የነፃ ንግድ ስምምነት የሚደራደሩበት ነበር። ረቂቁ ተሸርሽሮ ተሸርሽሮ በ1988 ፓርላማ ደረሰ። ምርጫ ተጠራ። ረቂቁም እዚያው ቀረ።

አሁን ወደ አቤል ልመልሳችሁ፤ ጓደኛዬ ያለ ምክንያት አይደለም ስሙን የጠራው። ካናዳ በ1971 ለሬዲዮ ጣቢያዎች ደንብ አወጣች። ከሚያሰሙት ሙዚቃ 30 በመቶው የካናዳውያን መሆን አለበት አለች። ኋላ ወደ 35 በመቶ ከፍ አደረገችው። ጣቢያዎቹ አጉረመረሙ፣ ግን አሰሙ። ከዚያ ወዲህ የመጡትን የካናዳ ዘፋኞች መዘርዘር አያስፈልገኝም። ሴሊን ዲዮንም ድሬክም የወጡት ይህ ደንብ ካለበት አገር ነው። ደንቡ ብቻውን ዘፋኝ ፈጠረ አልልም፤ ተሰጥኦ በአዋጅ አይመጣም። የቤት አድማጭ ግን ፈጥሯል። ደቡብ ኮሪያ ሲኒማ ቤቶቿን በዓመት ቢያንስ 73 ቀን የአገር ውስጥ ፊልም እንዲያሳዩ ታስገድዳለች። የካናዳ ሲኒማ ቤቶች ላይ እንዲህ ያለ ግዴታ የለም።

ያገሩን ሰርዶ ባገሩ በሬ ይባል የለ? እዚህ ሰርዶው የካናዳ ነው፣ በሬው ግን ከወዲያ ማዶ ነው።

አራት ሰው ያየው ፊልም

አንድ ቅዳሜ ቶሮንቶ ውስጥ ከአሥር በላይ አዳራሽ ያለው ሲኒማ ቤት ገባሁ። ሰሌዳውን ቀና ብዬ አየሁ። አንድ የልዕለ ኃያል ፊልም አራት አዳራሽ ይዟል። ሁለት አስፈሪ ፊልሞች፣ አንድ ካርቱን፣ አንድ የሂንዲ፣ አንድ የፑንጃቢ። የካናዳ ፊልም ፈለግኩ። አንድ ነበር፤ ከቀኑ 7 ሰዓት ከ10፣ በቀን አንዴ ብቻ። ትኬት ቆራጯ የፊልሙን ስም ደግማ ጠየቀችኝ። አዳራሹ ውስጥ አራት ሆነን አየነው። ፊልሙ መጥፎ አልነበረም፤ እንዲያውም ሁለተኛው አጋማሽ ላይ ከኋላዬ ያለችው ሴትዮ ስታለቅስ ሰምቻለሁ። በሳምንቱ ከሰሌዳው ላይ ወርዷል።

ዛሬ የካናዳን የሲኒማ ገቢ ሦስት አራተኛ ያህል የሚይዘው አንድ ኩባንያ ነው፤ ሲኒፕሌክስ። ያንን አሮጌ ፌመስ ፕሌየርስንም በ2005 ገዝቶታል። ኩባንያው ካናዳዊ ነው፣ ስለዚህ "የውጭ ሰው አፈነን" ማለት አይቻልም። ነጋዴ ነው። ወንበሩን የሚሞላለትን ያሳያል። የፑንጃቢ ፊልም ብራምፕተን ውስጥ አዳራሽ ይሞላል፣ ስለዚህ ይታያል።

መንግሥት በ2000 አዲስ የፊልም ፖሊሲ ሲያወጣ ግቡ ልከኛ ነበር። በአምስት ዓመት ውስጥ ከአገሪቱ የሲኒማ ገቢ 5 በመቶው የካናዳ ፊልም ይሁን አለ። አስቡት፤ በገዛ አገር 5 በመቶ እንደ ሕልም ተይዞ። በ2005 ግቡ ተመታ። ያስመታው ግን ፈረንሳይኛ ተናጋሪዋ ግዛት ኬቤክ በቋንቋዋ የምትሠራው ፊልም ነው። የእንግሊዝኛው እዚያው 1 በመቶ አካባቢ ሲንፏቀቅ ቀረ። በ2006 የወጣው "ቦን ኮፕ ባድ ኮፕ" ግማሹ እንግሊዝኛ፣ ግማሹ ፈረንሳይኛ የሆነ የፖሊስ ኮሜዲ ነው። ከ12 ሚሊዮን የካናዳ ዶላር በላይ ሠራ። ከዚህ ውስጥ አብዛኛው የመጣው ከኬቤክ ነው። አንድ ፊልም፣ አንድ አገር፣ ሁለት የማይተዋወቁ ተመልካቾች።

እኔ ያየሁት የ7 ሰዓት ከ10 ፊልም አሁን ወደ ፈረንሳዩ የካን ፊልም ፌስቲቫል ሄደ እንበል። በየዓመቱ ግንቦት ላይ ካን ውስጥ ከቀይ ምንጣፉ ጎን የፊልም ገበያ ይቆማል። ገበያ ስል የምሬን ነው። ጠረጴዛ፣ ፖስተር፣ ቡና፣ የግማሽ ሰዓት ቀጠሮ። ፊልሙን ይዞ የሚቀመጠው የሽያጭ ወኪሉ ነው፤ በእኛ አማርኛ ደላላው። ከፊቱ የጀርመን አከፋፋይ ይቀመጣል። ጥያቄዎቹ የታወቁ ናቸው። ማን ይተውንበታል? አገሩ ላይ ስንት ሰው አየው?

የመጀመሪያው ጥያቄ ያማል፤ ምክንያቱም ካናዳ ኮከብ አጥታ አታውቅም። ራያን ጎስሊንግ፣ ራያን ሬይኖልድስ፣ ሳንድራ ኦ፣ ሁሉም የእሷ ናቸው። ኮከብ ሲሆኑ ግን ዋጋቸው በሆሊውድ ልክ ይሆናል፣ አድራሻቸውም እንደዚያው። ሁለተኛው ጥያቄ ደግሞ መልሱ አራት ሰው ነው።

ፈረንሳዊው ወይም ኮሪያዊው ደላላ ይህን ጥያቄ አይፈራም። ፊልሙ አገሩ ላይ ሚሊዮን ሰው አይቶት ከሆነ፣ ያ ቁጥር ራሱ ማስታወቂያ ነው። ተፈትኖ ያለቀለት ዕቃ ነው የሚሸጠው። የእንግሊዝኛው የካናዳ ፊልም ግን ሳይፈተን ነው የሚቀርበው።

የገዢውንም ሂሳብ በጣታችን እንቁጠርለት። ትኬቱ 10 ዩሮ ነው እንበል። ግማሹን ሲኒማ ቤቱ ይይዛል። 5 ዩሮ ቀረ። አከፋፋዩ ለፖስተር፣ ለማስታወቂያ፣ ለትርጉም 100 ሺህ ዩሮ ቢያወጣ፣ 20 ሺህ ሰው እስኪገባ ድረስ ለእሱ ሳንቲም የለም። ለፕሮዲዩሰሩ የሰጠው ቀብድ ካለ ደግሞ ከዚያ በላይ ነው። ጀርመን፣ ጣሊያንና ስፔን ውስጥ ደግሞ ሰፊው ሕዝብ ፊልም የሚያየው ድምፁ በራሱ ቋንቋ ተተክቶ ነው። ይህ ሌላ ወጪ ነው። ስሙን ለማያውቀው ተዋናይ፣ አገሩ ላይ ላልታየ ፊልም፣ ይህን ሁሉ ማን ያወጣል? እኔም በእሱ ቦታ ብሆን ቡናዬን ጠጥቼ እነሳ ነበር።

ድጎማው አለ። ቴሌፊልም ካናዳ፣ በ1967 በሌላ ስም የተቋቋመው የመንግሥት ድርጅት፣ በየዓመቱ ብዙ ፊልሞች እንዲሠሩ ገንዘብ ያወጣል። ያለ እሱ አብዛኞቹ አይኖሩም ነበር። ገንዘቡ የሚያደላው ግን ወደ መሥራቱ ነው። ፊልሙ ካለቀ በኋላ "አለሁ" ብሎ ለመጮህ የሚቀረው ትንሽ ነው። የሆሊውድ ስቱዲዮ ለአንድ ፊልም ማስታወቂያ የሚያወጣው ደግሞ የካናዳን ፊልም ደጋግሞ ያሠራል።

ሰብታይትል እንደ ፓስፖርት

አሁን ወደሚገርመኝ ነገር ልምጣ። ሰው ሁሉ የሚያስበው እንግሊዝኛ በር ይከፍታል ብሎ ነው። ለካናዳ ፊልም ግን ብዙ ጊዜ የሆነው ተቃራኒው ነው። "የካናዳ ፊልም" ተብለው ውጭ አገር ሲኒማ ቤት የገቡትን ቁጠሩ፤ ብዙዎቹ እንግሊዝኛ አይናገሩም።

"አታናርጁዋት" በ2001 የወጣ፣ የአርክቲክ ነባር ሕዝብ የሆኑት የኢኑዊቶች ፊልም ነው። ዳይሬክተሩ ዛካሪያስ ኩኑክ ይባላል። በኢኑክቲቱት ቋንቋ፣ አርክቲክ ውስጥ ኢግሉሊክ አካባቢ፣ በረዶ ላይ ነው የተቀረፀው። ሦስት ሰዓት ሊሞላ ምንም አይቀረውም። ነጋዴ ቢጠየቅ "ይህን ማን ያያል?" ይላል። ካን ላይ ለመጀመሪያ ፊልም የሚሰጠውን ካሜራ ዶር አሸነፈ። አሜሪካ ውስጥ ብቻ ከ3 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገባ።

ቪልኔቭም ከ"ዱን" በፊት "ኢንሳንዲ" ነበረው። በፈረንሳይኛና በዓረብኛ፣ በ2010። ለኦስካር የውጭ ቋንቋ ዘርፍ ታጨ። በቀጣዩ ዓመት በሞንትሪያል ስለሚያስተምር አልጄሪያዊ ስደተኛ የሚተርከው "ሙሴ ላዛር" ታጨ። ከዚያ ቀጥሎ ኮንጎ ውስጥ የተቀረፀው "ሬቤል" ታጨ። የዚህኛዋ ተዋናይ ራሼል ምዋንዛ ኪንሻሳ ጎዳና ላይ የኖረች ልጅ ናት፤ በ2012 በርሊን ላይ የምርጥ ተዋናይት ሽልማት ወሰደች። ሦስት ዓመት፣ በተከታታይ፣ ሦስቱም ካናዳ።

ምስጢሩ ቀላል ነው። ያ የኦስካር ዘርፍ በእንግሊዝኛ ለተሠራ ፊልም ዝግ ነው። የኬቤክ ፊልም አገሩን ወክሎ የሚገባበት በር አለው። የቶሮንቶው ፊልም ግን ከሆሊውድ ግዙፎች ጋር በአንድ ወረፋ ነው የሚሰለፈው። ኒው ዮርክ ወይም ለንደን ያለ ትንሽ ሲኒማ ቤትም እንዲሁ ያስባል። ሰብታይትል ያለው ፊልም "የውጭ ጥበብ" ነው፣ ለዚያ ተመልካች አለው። ሰብታይትል የሌለው፣ ገንዘብ ያነሰው፣ ኮከብ የሌለበት ፊልም ግን ምን ተብሎ ይጠራል? ለአሜሪካዊው እንግዳ እንዳይሆን ቋንቋው የራሱ ነው። የራሱ እንዳይሆን ደግሞ አያውቀውም።

ኬቤክም ቢሆን አልጋ በአልጋ አይደለም። ፈረንሳይ ውስጥ የኬቤክ ፊልም ብዙ ጊዜ የሚታየው በፈረንሳይኛ ሰብታይትል ነው። አዎ፣ ፈረንሳይኛ ለፈረንሳዮች በፈረንሳይኛ ይጻፍላቸዋል። የሞንትሪያል ሰፈር አነጋገር ለፓሪስ ጆሮ ይከብዳል። አንድ የጎጃም ገበሬ በራሱ ዘዬ ሲያወራ አዲስ አበባ ላይ በአማርኛ ጽሑፍ ቢታገዝ እንደማለት ነው፤ ግማሹ ይስቃል፣ ግማሹ ይቆጣል። ያም ሆኖ የዣቪዬ ዶላን "ሞሚ" በ2014 ካን ላይ የዳኞችን ሽልማት ተጋርቶ ፈረንሳይ ውስጥ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ትኬት ሸጠ። በ2024 ደግሞ የሞኒያ ሾክሪ ፊልም የፈረንሳዮቹን ሴዛር በምርጥ የውጭ ፊልም ዘርፍ ወሰደ።

የኬቤክ ፊልም የሚጎዳበት ሌላ መንገድ አለ፤ ፊልሙን ሳይሆን ሐሳቡን ይገዙታል። "ስታርባክ" በ2011 ኬቤክን ያሳቀ ኮሜዲ ነው። ሆሊውድ ወደደው። ያንኑ ዳይሬክተር ኬን ስኮትን ጠርቶ በ2013 በእንግሊዝኛ፣ በቪንስ ቮን ደግሞ አሠራው። ፈረንሳዮቹም በበኩላቸው የራሳቸውን ሠሩ። ዓለም ታሪኩን አየ። ዋናውን ያየው ግን ጥቂት ነው።

በእንግሊዝኛው በኩል ድንበር ሲዘል የማየው ዘውግ አስፈሪው ነው። ፍርሃት ኮከብ አይጠይቅም። "ስኪናማሪንክ"ን ውሰዱ። ካይል ኤድዋርድ ቦል ኤድመንተን ውስጥ፣ ባደገበት የወላጆቹ ቤት፣ በ15 ሺህ ዶላር ሠራው። ጨለማ ኮሪደር፣ የሚንሾካሾኩ ልጆች፣ ጣራ ላይ የቀረ ካሜራ። በ2022 ከአንድ ፌስቲቫል የኦንላይን ማሳያ ሾልኮ ወጣ። ቲክቶክ ላይ ሰዉ "አልተኛሁም" እያለ አጋራው። አከፋፋዩ ጥር 2023 አሜሪካ ውስጥ ከ600 በላይ ሲኒማ ቤቶች አስገባው። ወደ 2 ሚሊዮን ዶላር ሠራ። ስርቆት ማስታወቂያ ሲሆን እንዲህ ነው። ይህን ግን እንደ ዘዴ የሚመክር ሰው ያለ አይመስለኝም።

ሌላው መውጫ ሽርክና ነው። ካናዳ ከ1963ቱ የፈረንሳይ ስምምነት ጀምሮ ከ60 ከሚጠጉ አገሮች ጋር ፊልም አብሮ የመሥራት ውል አላት። ሁለት አገር ገንዘብ ያዋጣል፣ ሁለቱም "የእኔ" ይሉታል። "ሩም"፣ ብሪ ላርሰንን ኦስካር ያሸለመው፣ የአየርላንድና የካናዳ ነው። ቶሮንቶ ነው የተቀረፀው። ካናዳ ውስጥ ሰው ይኮራበታል፤ ሌላው ዓለም ግን ታሪኩ አሜሪካ ስለሆነ አሜሪካዊ ይለዋል። በ1982 ሰሜን አሜሪካ ውስጥ ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ የሠራው "ፖርኪስ"ም በካናዳ ገንዘብ የተሠራ፣ ስለ ፍሎሪዳ ጎረምሶች የሚያወራ ፊልም ነበር። የተሳካለት ሁሉ ልብሱን ቀይሮ ነው የሚያልፈው።

የአበሻ ፊልም ሠሪ ይህን ሲሰማ ሳይገርመው አይቀርም። እኛ ዘንድ አንድ ፕሮዲዩሰር ፊልሙን ይዞ ዋሽንግተን ወይም ቶሮንቶ ሲሄድ፣ አዳራሽ ይከራያል፣ ፖስተሩን እንጀራ በሚሸጥበት ሱቅ በር ላይ ይለጥፋል፣ እሑድ ሕዝቡ ይመጣል። ናፍቆት ራሱ ትኬት ይቆርጣል። ሕንዶቹ ይህን በትልቁ ያደርጉታል። ሎስ አንጀለስ ያለ ካናዳዊ ግን አገሩ ናፍቆት እሑድ አዳራሽ የሚሞላ አይመስለኝም። ቋንቋው እዚያም ያው ነው፤ ለብቻው የሚሰባሰብበት ሰፈርም የለውም።

ስለ እኛ ከተነሳ፣ ታማራ ማርያም ዳዊት የሠራችው "ፋይንዲንግ ሳሊ" የካናዳ ፊልም ነው። ኢሕአፓን ተቀላቅላ ደብዛዋ ስለጠፋው አክስቷ ስለ ሳሊ ዳዊት ነው። በ2020 ቶሮንቶ ላይ በሆት ዶክስ ፌስቲቫል ሊታይ ነበር። ኮቪድ መጣ፣ አዳራሾች ተዘጉ። ፊልሙ በሲቢሲ ቴሌቪዥን ተላለፈ። ስለ አዲስ አበባ የተሠራ የካናዳ ፊልም፣ ሰው ሳሎኑ ውስጥ ሆኖ አየው።

ፊልሙን ተሸክሞ የሚዞረው አካልም እየመነመነ ነው። ካናዳ ሁለት ትልልቅ አከፋፋዮች ነበሯት፣ አላያንስና ኢዋን። በ2013 ኢዋን አላያንስን ዋጠ። በ2019 የአሜሪካው አሻንጉሊት ሠሪ ሃስብሮ ኢዋንን ወደ 4 ቢሊዮን ዶላር አውጥቶ ሊገዛ ተስማማ። ልቡ የነበረው የኢዋን ንብረት በሆነችው የካርቱን አሳማ፣ ፔፓ ፒግ ላይ ነው። በ2023 አሳማዋን አስቀርቶ የፊልሙን ንግድ ወደ 500 ሚሊዮን ዶላር ለላየንስጌት ሸጠው። ላየንስጌት ራሱ በ1997 ቫንኩቨር ውስጥ የተመሠረተ ነው። አሁን ቢሮው ካሊፎርኒያ ነው። ልጁ አድጎ፣ አገር ለቆ፣ ተመልሶ የጎረቤቱን ቤት ገዛ።

የቀሩት ትናንሽ አከፋፋዮች ይሞክራሉ። ብዙው ፊልም ግን መጨረሻው ኦንላይን ነው። ኔትፍሊክስ የዓለምን መብት ከገዛ፣ ፕሮዲዩሰሩ ዕዳውን ይከፍላል፣ ሲኒማ ቤት የሚባለው ነገር ግን እዚያ ላይ ያበቃል። በ2024 የካናዳ ተቆጣጣሪ ባለሥልጣን፣ የውጭ ኦንላይን ኩባንያዎች ካናዳ ውስጥ ከሚያገኙት 5 በመቶ ለአገሪቱ ይዘት እንዲያዋጡ አዘዘ። ኩባንያዎቹ ፍርድ ቤት ሄዱ።

በዚሁ በ2024 ካን ላይ አንድ የካናዳ ፊልም ከዋናው ውድድር ጎን በሚካሄደው የዳይሬክተሮች ፎርትናይት የተመልካቾችን ሽልማት ወሰደ፤ የማቲው ራንኪን "ዩኒቨርሳል ላንጉጅ"። ታሪኩ ዊኒፔግ ውስጥ ነው። እዚያች በረዷማ ከተማ ውስጥ ግን ሰው ሁሉ ፋርስኛ ይናገራል፤ የቲም ሆርተንስ ቡና ቤት ምልክት ሳይቀር በፋርስኛ ተጽፏል። የካናዳ ፊልም በዓለም እንዲታይ ሰብታይትል ያስፈልገዋል ስል ቀልድ ይመስል ነበር።

ግንቦት 2025 ላይ ፕሬዚዳንት ትራምፕ ከአሜሪካ ውጭ በሚሠሩ ፊልሞች ላይ የ100 በመቶ ቀረጥ እጥላለሁ አሉ። መስከረም ላይ ደገሙት። ፊልም በኮንቴይነር አይመጣም፤ ቀረጡ ምኑ ላይ እንደሚጣል ግልጽ አልነበረም። ቶሮንቶና ቫንኩቨር ግን ደነገጡ። የሆሊውድ ቀረፃ በየዓመቱ ቢሊዮኖች ያስገባላቸዋላ። በዚህ ዛቻ ሂሳብ ካናዳ ውስጥ የተሠራ ፊልም የውጭ ነው፣ ይቀረጣል። በሳምንቱ መጨረሻ ስቱዲዮዎቹ እንደ ልማዳቸው ገቢያቸውን አሳወቁ። የቶሮንቶ ትኬት "አገር ውስጥ" በሚለው ዓምድ ስር ተደምሯል።